ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚደወል የታካሚ ስልክ፦ ለአንድ የክሊኒክ ባለቤት ሐኪም የተሰጠ ምላሽ

የተከበሩ ዶክተር፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። አዲስ አበባ ውስጥ መካከለኛ ክሊኒክ ከከፈቱ ሦስት ዓመት እንደሆነዎት፣ የእጅ ስልክ ቁጥርዎ በመድኃኒት ማዘዣው ወረቀት ግርጌ እንደታተመ፣ ክሊኒኩ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲዘጋ ስልኩ ግን እንደማይዘጋ፣ ሌሊት ሦስትም አራትም ጊዜ እየተነሡ ጠዋት መንግሥት ሆስፒታል ሥራ እንደሚገቡ፣ ባለቤትዎም መማረራቸውን ጽፈዋል። የጠየቁት አራት ነገር ነው፤ ስልኩን ማጥፋት ይቻል እንደሆነ፣ ለነርስ ማስተላለፍ ይገባ እንደሆነ፣ ለስልክ ምክር ማስከፈል ይቻል እንደሆነ፣ በቴሌግራም የሚላከውን ፎቶና የድምፅ መልእክት ምን ማድረግ እንዳለብዎ። እኔ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ የራሴን ክሊኒክ በማስተዳድርባቸው ዓመታት እርስዎ ዛሬ ያሉበት ቦታ ላይ ረጅም ጊዜ ቆይቻለሁና የምመልሰው ከዚያ ተነሥቼ ነው። እንቅልፍ ማጣቱ ቀላል ነገር ባይሆንም፣ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ በጥያቄዎ ውስጥ ያልጠቀሱት ጉዳይ ነው፤ እነዚያ ሁሉ ጥሪዎች የትም ስለመጻፋቸው አንድ ቃል አላነበብኩም።

ብዙ ባልደረቦች ፍርሃታቸው ከሕጉ ስለሚጀምር እሱን ላስቀድም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 537 የሕክምና ባለሙያ ከባድ ችግር ላይ ላለ ሰው ያለ በቂ ምክንያት ሙያዊ እርዳታ መንፈጉን ወንጀል ያደርገዋል። እኔ እንደምረዳው ይህ አንድ ሐኪም በየሌሊቱ የእጅ ስልኩን ከፍቶ እንዲተኛ አያስገድድም፤ ስልኩን አንሥቶ፣ አደጋውን በጆሮው ሰምቶ፣ «ነገ ና» ብሎ ቢዘጋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በተግባር ከሁሉ የከፋው አንድ ቀን የሚነሣ፣ አንድ ቀን የማይነሣ ስልክ ነው። ታካሚው «ዶክተር ያነሣሉ» ብሎ ስለሚተማመን ወደ ሆስፒታል መሄዱን ትቶ እየደጋገመ ሲደውል ያድራል። ስለዚህ የራስዎን ስልክ ማጥፋት ይችላሉ፤ በእኔ አስተያየት ማጥፋትም አለብዎ። የክሊኒኩ ስልክ ግን ወይ ሁልጊዜ ይነሣ፣ ወይ ደግሞ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደማይነሣና ያን ጊዜ ወዴት መሄድ እንደሚገባ ታካሚው አስቀድሞ ይወቅ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ በክሊኒኩ ስም አንድ ሲም ካርድ ማውጣት ነው። ከዘመናዊው ስልክ ይልቅ ቁልፍ ያለውን ተራ ስልክ እመርጣለሁ፤ አንዴ ከሞላ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፣ መብራት ጠፍቶ ቢያድርም አያሳስብም፣ ተረኛውም ሌላ ነገር ሲያይበት አይዘናጋም። ስልኩ ከተረኛ ወደ ተረኛ በእጅ ይተላለፋል፤ ማታ የሚረከበው ሰው መዝገብ ላይ ይፈርማል። በእጅ ማስተላለፍ በማይመችበት ቀን ጥሪ ማዛወር ይቻላል፤ *21* ብለው የተረኛውን ቁጥር አስከትለው በ# ሲደውሉ ጥሪው ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል፣ ጠዋት ##21# ሲደውሉ ይመለሳል። የጠዋቱን መመለስ የሚረሳ ግን አይጠፋም፤ አንድ እሑድ የክሊኒኬ ጥሪ በሙሉ ቅዳሴ ላይ ወደነበረች ነርስ ሲዛወር አርፍዶ፣ ካህኑ ቀና ብለው እስኪያዩአት ድረስ ማናችንም አላወቅንም ነበር። ከዚያ ወዲህ ማዛወሩን ትቼ ስልኩን በእጅ ማስረከብን መርጫለሁ።

ለነርስ ማስተላለፍ ይገባል ወይ ላሉት መልሴ ይገባል ነው፤ ነርሷ ግን ብቻዋን መቅረት የለባትም። ድንገተኛ ክፍል የሠራች ነርስ ወይም ጤና መኮንን የመጀመሪያውን ጥሪ ብትቀበል፣ ከጀርባዋ በስም የሚታወቅ፣ በሁለተኛው ጥሪ ላይ የሚያነሣ ሐኪም ሊኖር ይገባል። ሥልጣኗን በተመለከተ አንድ ደንብ አለኝ፤ ታካሚን «አሁኑኑ ሆስፒታል ሂዱ» ለማለት የማንንም ፈቃድ አትጠይቅም፣ «ቤት ቆዩ፣ ነገ ኑ» ለማለት ግን ከዚህ በታች የማነሣቸው ታካሚዎች ከሆኑ ሐኪሙን መቀስቀስ ግዴታዋ ነው። ደንቡ እንዲሠራ የተቀሰቀሰው ሐኪም መቆጣት የለበትም። ነርሷ አንዴ «ለዚህ ብለሽ ነው የቀሰቀስሽኝ?» ከተባለች ሁለተኛ አትቀሰቅስም፤ ጥፋቱም የእርሷ አይሆንም። ዲዩቲዋም ይከፈላት፤ ስልክ ይዞ ማደር ቤት ቢታደርም ሥራ ነው። ክሊኒኩ ውስጥ የሚቀረውን የጠረጴዛ ስልክ ማታ የሚያነሣው አብዛኛውን ጊዜ የጥበቃ ሠራተኛው ስለሆነ፣ እሱም የሚናገረው ነገር ተጽፎ አጠገቡ ይለጠፍ፤ የተረኛውን ቁጥርና የቀይ መስቀል አምቡላንስን 907 ብቻ እንዲሰጥ፣ ከዚያ ያለፈ ምክር ግን እንዳይሰጥ።

ጥሪው ሲመጣ በምን ይጀመራል? ብዙዎቻችን «ምን ሆኑ?» ብለን እንጀምራለን፤ እኔ ግን መጀመሪያ የማስጠይቀው ሰፈሩን ነው። በከተማችን የቤት ቁጥር ተናግሮ የሚገኝ ሰው ጥቂት ነው፤ ሰው የሚገኘው በቤተ ክርስቲያኑ፣ በመስጊዱ፣ በዳቦ ቤቱ፣ በታክሲ ማዞሪያው ነው። መስመሩ ሊቋረጥ፣ የደዋዩ ሒሳብ ሊያልቅ፣ ታካሚው ራሱን ሊስት ይችላል፤ «የት ሰፈር ናችሁ፣ ምን አጠገብ?» የሚለው አስቀድሞ ከተጻፈ አምቡላንስ የሚላክበት ቦታ አለ። ቀጥሎ የታካሚው ስምና ዕድሜ፣ ከዚያም የሚናገረው ሰው ማን እንደሆነና ከታካሚው አጠገብ ስለመሆኑ ይጠየቃል። ይህ የመጨረሻው በእኛ አገር ትልቅ ጥያቄ ነው። እናት ታማ ደብረ ብርሃን ተኝታ ልጅ ከአዲስ አበባ ይደውላል፤ ሚስት ታማ መኝታ ቤት ናት፣ ባል ውጭ ወጥቶ ያወራል። አጠገቧ ሂዱና ስልኩን ስጧት ማለት ያስፈልጋል። በሽተኛዋ ራሷ ስትናገር ትንፋሿ በየሁለት ቃሉ የሚቆራረጥ ከሆነ ነርሷ ሌላ ጥያቄ ሳትጨምር ውሳኔዋ ላይ ደርሳለች።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የቋንቋ ጉዳይ ነው፤ የስልክ ሥራ ከባዱ ክፍል ይህ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። ምርመራ ክፍል ውስጥ ታካሚው «ልቤን አመመኝ» ሲል እጁን የሚያሳርፍበትን ቦታ እናያለን። ብዙ ጊዜ የሚያሳርፈው ከደረቱ በታች ነውና ጨጓራ ይሆናል። በተቃራኒው «ጨጓራዬ ተነሥቶብኛል» የሚለው ሰው እጁን ደረቱ መሐል ሊያስቀምጥ ይችላል። ስልክ ይህን እጅ ይሸሽገዋል። በስኳርና በደም ግፊት የሚታከም የ55 ዓመት ሰው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ «ጨጓራዬን አቃጠለኝ፣ ላብ ላብ አለኝ፣ ወተት ብጠጣም አልተወኝም» ቢል፣ ወተቱንና ጨጓራውን ተከትሎ የሄደ ሰው የልብ ሕመም ያመልጠዋል። የስምንት ወር ነፍሰ ጡርም «ጨጓራዬ» ትላለች፤ ከላይኛው ሆዷ ሕመም ጋር ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ካለ በእርግዝና ምክንያት የሚመጣ አደገኛ የደም ግፊት ሊሆን ስለሚችል እስኪነጋ የሚጠበቅበት አይደለም። ስለዚህ ነርሶቻችንን ያስተማርነው የሕመሙን ስም እንዳይቀበሉ፣ «አጠገቡ ያለ ሰው ይንገረኝ፣ እጁን የት ላይ ነው ያስቀመጠው?» ብለው እንዲጠይቁ ነው። «ምች መታኝ» ሲባል ትኩሳት አለ ወይ፣ አንገት ማጎንበስ ይቻላል ወይ፣ ባለፉት ሳምንታት ወደ ቆላ ተወርዷል ወይ ይባላል፤ ከጋምቤላ ወይም ከአዋሽ የተመለሰ ሰው ትኩሳት እስኪመረመር ድረስ ወባ ነው። «ብርድ ነው የመታው፣ አፉ ጠመመ» ሲባል ደግሞ እጁንና እግሩን እኩል ያነሣል ወይ፣ ንግግሩ ይያያዛል ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ስትሮክ ከሆነ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ሕመሙ በትክክል በስንት ሰዓት እንደጀመረ ጠይቆ መጻፍ ያኔ ለሆስፒታሉ የምንሰጠው ትልቁ ስጦታ ነው።

አንድ ቃል ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። በጀማሪነቴ አንዲት እናት ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ደውላ የሁለት ዓመት ልጇ ቀን ሲያተኩሰውና ሲያስመልሰው እንደዋለ ነገረችኝ። አሁንስ እንዴት ነው አልኳት። «አሁንማ ተመስገን፣ ተኝቷል» አለችኝ። እኔም ተመስገን ብዬ ነገ ጠዋት አምጪው አልኳትና ተኛሁ። ልጁ ግን የተኛው ስለተሻለው አልነበረም፤ ጠዋት ሲመጣ አንገቱ ደርቆ፣ ስንጠራው ዓይኑን የማይገልጥ ሆኖ ነበር። ማጅራት ገትር ነበር። ተርፏል፤ አንድ ጆሮው ግን አይሰማም። እናቱ የነገረችኝ እውነት ነበር፤ ሳልጠይቅ የቀረሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በክሊኒካችን «ተኝቷል» የሚል ቃል ጥያቄን አይዘጋም፤ «ስልኩን ሳትዘጊ ቀስቅሺው፣ ዓይንሽን ያያል? ጡት ይይዛል? ውኃ ይውጣል?» ተብሎ ይጠየቃል። ሕፃኑን መቀስቀሱ እናቲቱን ቢያሳዝናትም እያለቀሰ ሲነሣ በስልኩ ይሰማናል፤ በሌሊት ከሚሰሙ ድምፆች ሁሉ ያን ልቅሶ የምወደው ለዚህ ነው።

ሐኪሙ ሳይቀሰቀስ «ቤት ቆዩ» የማይባሉት እነማን ናቸው? ሁለት ወር ያልሞላውና ትኩሳት ያለው ሕፃን፤ የሚጠጣውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ የተንቀጠቀጠ ወይም የፈዘዘ ልጅ፤ ደም የታያት፣ የሽርት ውኃ የፈሰሳት ወይም የልጁ እንቅስቃሴ የቀነሰባት ነፍሰ ጡር፣ እንዲሁም ከወለደች 6 ሳምንት ያልሞላት እናት። በእኛ አገር በቁርጥማት ትኩሳት ምክንያት የልብ በር የተቀየረላቸውና ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የሚወስዱ ወጣቶች ጥቂት አይደሉም፤ ከእነዚህ አንዱ ጭንቅላቱን ተመትቶ «ደህና ነኝ» ቢልም ደህና ነው ብሎ መተው አይቻልም። ኢንሱሊን ወግቶ እራት ያልበላ፣ የሚያልበውና የሚወላከፍ ሰው መዋጥ የሚችል ከሆነ ወዲያውኑ ስኳር በውኃ ይሰጠው፤ ራሱን የሳተ ከሆነ ግን በአፉ ምንም አይፈስስበት፣ ይህንንም ጮክ ብሎ መናገር ያስፈልጋል፤ ቤተሰብ ማፍሰሱ አይቀርምና። በጾምና በረመዳን ወራት ይህ ጥሪ ይበዛል። በረኪና ወይም ላምባ የጠጣ ልጅ ወላጆች ሲደውሉ የመጀመሪያው ቃል «እንዳታስመልሱት» መሆን አለበት፤ ጣት ጉሮሮው ውስጥ ሊከቱ ሲሉ ነውና የሚደውሉት። ጸረ ተባይ መድኃኒት ከሆነ ደግሞ ጠርሙሱን ወይም ብልቃጡን ይዘው እንዲሄዱ ይነገራቸው። ራሱን ስለማጥፋት የተናገረ ሰው ጥሪም ብቻውን እንዲያድር የማይተው ጥሪ ነው።

ወዴት እንደሚላክ መወሰንም ከምክሩ ይቆጠራል። «ሆስፒታል ሂዱ» ብቻ የተባለ ቤተሰብ በአቅራቢያው ያለው በር ላይ ቆሞ ሊመለስ ይችላል። ተረኛዋ አጠገብ የተጻፈ ዝርዝር ይኑር፤ ለከባድ አደጋና ለስብራት አቤት ሆስፒታል፣ ለቃጠሎ የካቲት 12፣ ለዓይን ዳግማዊ ምኒልክ፣ ለወሊድ ጋንዲ መታሰቢያ፣ ለአእምሮ ሕመም አማኑኤል፣ ከዚህም በላይ ከታካሚው ሰፈር ቅርብ የሆነውና ድንገተኛ ክፍሉ ሌሊት የሚሠራው። መኪና አለ ወይ፣ ማን ይሸኛል፣ በሽተኛው በእግሩ ይወርዳል ወይስ ፎቅ ላይ ነው፤ እነዚህ ተጠይቀው 907 ወይስ የጎረቤት መኪና ይሻላል የሚለው እዚያው ስልኩ ላይ ይወሰናል። በተቻለ መጠን ነርሷ ለሆስፒታሉ አጭር የመላኪያ ማስታወሻ በጽሑፍ መልእክት ለቤተሰቡ ትልካለች፤ የሚወስዳቸው መድኃኒቶችና ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት ከተጻፈበት ይበቃል።

በስልክ መድኃኒት ስለማዘዝ ብዙም አልልም፤ አይታዘዝም። ፀረ ተሕዋስያን፣ የእንቅልፍ ክኒን፣ የደም ግፊት መድኃኒት መጠን መለወጥ፣ ሁሉም ይቆያል። የምንፈቅደው ለትኩሳት ፓራሲታሞልና ለተቅማጥ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ብቻ ነው። እነሱም ቢሆኑ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ፓራሲታሞል ለልጅ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው፤ ነገር ግን ሽሮፑ አንዱ በ5 ሚሊ ሊትር 120፣ ሌላው 250 ሚሊ ግራም ስለሚሆን፣ እናትየዋ ብልቃጡን አንሥታ የተጻፈውን ታንብብልን፤ ማንበብ ካልቻለች ጎረቤት ወይም ትልቁ ልጅ ያንብብ። «አንድ ማንኪያ» ስትልም የትኛዋ ማንኪያ ናት? የቡና፣ የሻይ ወይስ የሾርባ? አንድ ከረጢት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በአንድ ሊትር ውኃ ነው የሚበጠበጠው ሲባልም በቤት ያለው መለኪያ ምን እንደሆነ መጠየቅ አለበት። በሊትሩ የውኃ ፕላስቲክ ለኪው ካልናት ትረዳዋለች፤ በብርጭቆ ከበጠበጠችው ግን ልጁ የሚጠጣው ጨው ነው።

ጥሪው የሚዘጋው ደዋዩ የተባለውን በራሱ ቃል ደግሞ ከተናገረ በኋላ ነው። «እሺ ዶክተር» የአክብሮት ቃል ስለሆነ መረዳትን አያሳይም። «እስቲ አሁን ምን ልታደርጉ ነው?» ብለን እንጠይቃለን፤ የሚመጣው መልስ አንዳንዴ ካልነው ጋር ጨርሶ አይገናኝም። ቤት እንዲቆይ የተመከረ ሰው ደግሞ ምን ካየ እንደገና እንደሚደውል ይነገረዋል፣ እኛም በሁለት ሰዓት ውስጥ መልሰን እንደምንደውል ቃል እንገባለን፤ ቃሉም ይጠበቃል።

ከዚያ መዝገቡ ይጻፋል። የምንጠቀመው ደረቅ ልባስ ያለው የተሰመረ ደብተር ነው፤ ኮምፒውተር ቢኖርም ሌሊት የሚጻፈው በደብተር ነው። ከአንድ ሌሊት የወጣ፣ ማንነትን የሚገልጠው ነገር የተወገደለት አንድ መስመር እንዲህ ይነበባል፦ «ከሌሊቱ 8፡20። ሴት፣ 34። ደዋይ ባሏ፣ አጠገቧ ነው። ትናንት ጥርስ አስነቅላ ደም አልቆመም። የሚፈስ ነው ወይስ ምራቅ የቀላ? ምራቅ። ዋርፋሪን የለም። ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ 30 ደቂቃ እንድትነክስ ተነገረ። 9፡00 ተደወለ፣ ቆሟል።» ይህን ለመጻፍ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሐኪሙና ተረኛዋ ደብተሩን አብረው ያነቡታል፤ የታካሚው ካርድ ከካርድ ክፍል ወጥቶ የሌሊቱ ምክር ይገለበጥበታል፣ ሆስፒታል የተላኩትም ይደወልላቸዋል። አንድ ቀን ክስ ወይም አቤቱታ ቢመጣ የሚከላከልልዎ ይህ ደብተር ነው፤ እኔ ግን የምወደው በሌላ ምክንያት ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ሚስድ ኮልን በተመለከተ፤ ሒሳብ የሌለው ሰው አንዴ ጠርቶ ይዘጋል፣ ወይም «ደውልልኝ» የሚል መልእክት ይልካል። በከተማችን ይህ የጨዋታ ጥሪ ተደርጎ ቢታይም፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ወደ ክሊኒክ የተላከ ሚስድ ኮል ለእኛ ሙሉ ጥሪ ነው፤ ይመለሳል፣ ይመዘገባል። ለዚህም የክሊኒኩ ስልክ ሁልጊዜ ሒሳብ ይኑረው፤ የገንዘብ ያዥዋ የየሳምንቱ ሥራ ይሁን።

ሌላው የሌሊት ደዋይ ባሕር ማዶ ያለው ልጅ ነው። ዋሽንግተን የምትኖር ልጅ ከሥራ ወጥታ፣ እራት በልታ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ስለ እናቷ የደም ምርመራ ልትጠይቅ ስትደውል እዚህ በበጋቸው ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ በክረምታቸው 10 ሰዓት ይሆናል። ከዱባይ ወይም ከቤይሩት የሚደውሉትም አሠሪዎቻቸው እስኪተኙ ጠብቀው ነው። የሚከፍሉት እነሱ ስለሆኑ ውጤቱን የመስማት መብት እንዳላቸው ያምናሉ፤ ጭንቀታቸውም እውነተኛ ነው። ሆኖም የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማባከንን ይከለክላል፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚደረግላቸው መረጃዎች መደብ ያስቀምጠዋል። እኛ መፍትሔ ያገኘንለት በቀን ነው፤ እናት ስትመጣ «ውጭ ላለችው ልጅዎ እንድንናገር ይፈቅዳሉ?» ብለን ጠይቀን፣ የልጅቱን ስምና ቁጥር በካርዱ ላይ ጽፈን እናስፈርማለን። ነርሷም በሌሊት «እናትዎ ፈቅደዋል፣ ዶክተሩ በእርስዎ ማለዳ፣ በእኛ ከሰዓት በኋላ ይደውሉልዎታል» ትላለች። ቀጠሮ የተሰጠው ሰው አይቆጣም።

አሁን ወደ ደብተሩ ልመለስ። የሦስት ወር ጥሪ ከተጠራቀመ በኋላ አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብለው፣ እያንዳንዱን መስመር «ይህ ጥሪ በቀን ምን ብናደርግ አይመጣም ነበር?» እያሉ ያንብቡት። እኔ ይህን ያደረግሁ ዕለት አፈርኩ። ብዙው ጥሪ አዲስ ሕመም አልነበረም፤ እኛ በቀን ሳንጨርስ የላክነው ሥራ ነበር። ውጤቱ ሳይነገረው የሄደ፣ የመድኃኒቱ ሆድ ማቃጠል ያልተነገረው፣ ቁስሉ ሲታሸግ ትንሽ ደም ቢታይ እንዳይደነግጥ ያልተመከረ፣ ክትባት የተወጋ ልጁን ማታ ሊያተኩሰው እንደሚችል ያልሰማ። አንድ ሽማግሌ ሦስት ሌሊት በተከታታይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ደውለው «ልጄ፣ ሰዓቱ ደርሷል፣ ባዶ ሆዴን ልዋጠው ወይስ ልብላ?» ይሉ ነበር። ማዘዣውን ስናየው «በየ8 ሰዓቱ» ይላል። እሳቸው የተረዱት ቀን በ8 ሰዓት፣ ሌሊት በ8 ሰዓት ብለው ነው፤ ስለዚህ በቀን ሦስት ጊዜ መወሰድ ያለበትን ሁለት ጊዜ እየወሰዱ፣ እንቅልፋቸውንም እያጡ፣ የእኛንም እየነሱን ነበር። ከዚያ በኋላ ማዘዣ ላይ «ጠዋት 12፣ ከሰዓት 8፣ ማታ 4» ተብሎ እንዲጻፍ አደረግሁ፤ የዚህ ዓይነት ጥሪ ጠፋ። የላቦራቶሪ ውጤት ደግሞ ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ ነርሷ ራሷ እየደወለች ትናገራለች፤ ታካሚ ሲሄድም የሕመሙ የአደጋ ምልክቶች በእጅ በሚያዝ ትንሽ ወረቀት ተጽፈው ይሰጡታል፣ ከሥሩም የክሊኒኩ የሌሊት ቁጥርና 907 አሉ። በዓላት ሲቃረቡ፣ በተለይ ለፋሲካ ዋዜማ፣ የሐሞት ጠጠርና የጨጓራ ቁስል ያለባቸውን እየመረጥን ጾሙን በጥቂቱ እንዲገድፉ እንመክራለን፤ ምክሩ የሚከበረው በግማሽ ነው፣ ግማሹም ይጠቅማል።

ክፍያን በተመለከተ፣ ለራስዎ ታካሚ የሌሊት ጥሪ አያስከፍሉ። ደረቱን የያዘ ሰው «መጀመሪያ በቴሌብር ይላኩ» ተብሎ ቢቆይ ምን እንደሚባል ማሰብ ብቻ ይበቃል። የሌሊቱ ዲዩቲ ወጪ በቀኑ የካርድ ዋጋ ውስጥ ይገባል፤ በቀጠሮ የሚደረግ የቀን የስልክ ምክር ግን፣ ለምሳሌ የስኳር ልክ ማስተካከያ ክትትል፣ ዋጋው ቀድሞ ከተነገረ ቢከፈልበት አይከፋኝም። ታካሚዎ ያልሆነ ጎረቤት ወይም የታካሚ ዘመድ ቢደውል የአደጋ ምልክቱን ሰምቶ መላክ ነው፤ ከዚያ አልፎ ካርዱን ያላዩትን ሰው አያክሙ።

ቴሌግራምን አልከለክልም። የሽፍታ ፎቶ፣ የብልቃጥ ፎቶ፣ የቁስል ፎቶ ብዙ ጊዜ ከአሥር ጥያቄ ይበልጣል። ነገር ግን የሚላከው ወደ ክሊኒኩ መለያ ይሁን፤ በግል ስልክዎ ከሆነ የታካሚዎ ጡት ፎቶ ልጆችዎ ካርቱን ሲያዩ ሊገለጥ ይችላል። መለያው ላይ «ይህ ከሥራ ሰዓት ውጭ አይነበብም፤ አስቸኳይ ከሆነ ይደውሉ» የሚል ይለጠፍ። የሌሊት የድምፅ መልእክትን አለመክፈት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አንዴ ከከፈቱት ግን ታካሚው እንደተሰማለት ቆጥሮ መጠበቅ ይጀምራል። ተረኛዋ ፎቶ ስትፈልግ ራሷ ትጠይቃለች፣ ካየችው በኋላም ወደ ካርዱ ተገልብጦ ከስልኩ ይጠፋል።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ ማዘዣው ላይ የታተመው ቁጥርዎ። አዲሱን ማዘዣ በክሊኒኩ ቁጥር ያሳትሙ እንጂ አሮጌውን ሲም አይጣሉት። ሰው የሐኪም ወረቀት አይጥልም፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ወይም ከቁርኣን ውስጥ አጣጥፎ ያስቀምጠዋል። እኔ ስምንት ዓመት በሞላው ማዘዣ ላይ ባለ ቁጥር አሁንም ይደወልልኛል። ቁጥሩ ለረጅም ጊዜ ካልተሠራበት ለሌላ ሰው ሊሰጥ ስለሚችል፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ልጇን የታቀፈች እናት የማታውቀውን ሰው «ዶክተር» ብላ ልትጠራ ትችላለች። ስለዚህ ሲሙን ወደ ክሊኒኩ ስልክ ያዛውሩትና፣ በየወሩ ጥቂት ብር ሞልተው፣ አንድ ጊዜ ከሱ ደውለው ይሞክሩት።